ባለ ሁለት ይሻላል ባለ አራት? የአንድ የገበያ ጥያቄ ታሪክ

ከፋው ተነሥቶ ገዳሪፍ ኮምፒውተር ሊገዛ የሚሄድ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ባለ ሁለት ኮር ነው ባለ አራት?» መተማ ዮሐንስም ጎንደርም ብትሄዱ ጥያቄው ያው ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ «ኳድ ኮር ነው» የምትለዋን ቃል አስቀድሞ ይጥላታል። ገዢውም እሷን ከሰማ በኋላ ሌላውን መጠየቅ ይተዋል።

ይህ ጥያቄ ገበያ ላይ ከወጣ ሃያ ዓመት ያህል ሆኖታል። ከየት እንደመጣ ያላወቀ ሰው ዕቃውን ሳይሆን ቁጥሩን ይገዛል። እዚህ ድንበር ላይ ደግሞ ኮምፒውተር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ለሱቅ ሒሳብ፣ ለቤተሰብ ማመልከቻ፣ ለልጆች ትምህርት፣ ለጽሕፈትና ለፎቶ ኮፒ ሥራ ብለን ስንገዛው ከሰሊጥ ወቅት የተረፈችውን ነው የምናፈስበት። ስለዚህ ታሪኩን እንደማውቀው ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሱዳን ውስጥ ወረቀታችን ሁሉ በእሱ ስለሆነ።

ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒውተሩ አሳቢ ክፍል ነው። ኮር ማለት ደግሞ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ራሱን የቻለ ሠራተኛ ነው። ባለ ሁለት ኮር ማለት በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሠራተኛ፣ ባለ አራት ማለት አራት ሠራተኛ ነው። እስከ 2005 ድረስ በተራው ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ሠራተኛው አንድ ብቻ ነበር።

ያ አንዱ ሠራተኛ ግን በየዓመቱ ይፈጥን ነበር። ኢንቴል በ1971 ዓ.ም. 4004 የተባለችውን ፕሮሰሰር ሲያወጣ ውስጧ 2,300 ያህል ትራንዚስተር ነበራት። ከዚያ ወዲህ ትራንዚስተሩ እያነሰ፣ ቁጥሩ እየበዛ፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ በ2004 መጨረሻ ፔንቲየም 4 የተባለው 3.8 ጊጋኸርዝ ደረሰ። ኮሜርስ በተማርንበት ጊዜ ማንም ስለ ኮር አይጠይቅም ነበር። ጥያቄው «ስንት ጊጋ ነው?» የሚል ነበር፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ሁልጊዜ ይሻላል ይባል ነበር፤ በአብዛኛውም እውነት ነበር።

ያን ሩጫ ያቆመው ሙቀት ነው። ፍጥነቱን በጨመሩ ቁጥር ፕሮሰሰሩ የሚበላው ኤሌክትሪክ፣ የሚያወጣውም ሙቀት ጨመረ። በ2004 የወጣው አዲሱ የፔንቲየም 4 ዓይነት እጅግ ሞቃት ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ኢንቴል ተከታዩን ሊሆን የታቀደውን ቴጃስ የተባለ ፕሮሰሰር ሰረዘ። ኦክቶበር ላይ ደግሞ አወጣለሁ ብሎ ቃል የገባውን ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ተወው። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬት በዚያው ወር ብዙ ሺሕ ሰው በተሰበሰበበት መድረክ ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። እንደ ቀልድ አድርጎ ነው ያደረገው፤ ግን የአንድ ዘመን ማብቂያ ነበር።

ይህን ለፋው ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። በራሃድ መስኖ እርሻ ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ኤፕሪል ላይ ጥላ ሥር 40 ዲግሪ ባለፈበት ቀትር አንዱን ሠራተኛ «ፍጠን፣ ፍጠን» ብትሉት ይወድቃል እንጂ አይፈጥንም። ያለው መንገድ ሁለተኛ ሰው ቀጥሮ ሁለቱንም በደህና እርምጃ ማሠራት ነው። ሁለተኛው ኮር የመጣው እንዲህ ነው። ለገዢው ምርቃት ሆኖ የተጨመረ አይደለም፤ አንዱ ከዚያ በላይ መሮጥ ስላልቻለ የመጣ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

አይቢኤም በ2001 ለትልልቅ ሰርቨሮቹ ፓወር 4 የተባለ ባለ ሁለት ኮር ሠርቶ ነበር። የተራው ሰው ኮምፒውተር ጋ የደረሰው ግን በሜይ 2005 ነው፤ ኢንቴል ፔንቲየም ዲን፣ ኤኤምዲ ደግሞ አትሎን 64 ኤክስ 2ን በአንድ ወር ውስጥ አወጡ። ፔንቲየም ዲ በግልጽ አማርኛ ሁለት ሞቃት ፔንቲየም 4 ጎን ለጎን የተለጠፉበት ነበር። ከፍተኛው ዓይነት 130 ዋት ሙቀት ያወጣል ተብሎ የተሰላ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ሱቅ ውስጥ ያንን ማስቀመጥ ምድጃ ማስቀመጥ ነው።

ለእኛ ዓይነቱ አገር የሚሆነው የመጀመሪያው ባለ ሁለት ኮር በጁላይ 2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ ነበር። ከፔንቲየም ዲ ይፈጥናል፣ ሙቀቱ ግን በ65 ዋት የተሰላ ነው። በግማሽ ሙቀት የበለጠ ሥራ ማለት ነው። ስታቢላይዘሩም ዩፒኤሱም ጄኔሬተሩም ለዚህ ያመሰግናሉ።

እዚህ ላይ የሱዳንን ነገር ካላነሣሁ ታሪኩ ይጎድላል። አሜሪካ በኖቬምበር 1997 ሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ነበር። የአሜሪካ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ ሱዳን መላክ ክልክል ሆነ። ኢንቴልም ኤኤምዲም ማይክሮሶፍትም የአሜሪካ ናቸው። ዕቃው ግን ገበያ ላይ አልጠፋም፤ ነጋዴ ባለበት አገር ዕቃ አይጠፋም። በዱባይ ዞሮ ገባ። በዞረ ቁጥር ደግሞ እጅ ይነካዋል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ዋስትናው ይቀራል። ተበላሽቶ ቢገኝ የሚመልሱበት ወኪል የለም። ስለዚህ ካርቱምና ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ዕቃውን የሚያስረዳ የኩባንያ ሰው ስላልነበረ፣ የሚያስረዳው ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀትና የሻጩ አፍ ብቻ ሆነ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሌላ አገር ገዢው የሚያነበው መጽሔትና የሚመልስበት ሱቅ ሲኖረው፣ እኛ ቁጥር ብቻ ነበረን።

አሁን ወደ ትክክለኛው ጥያቄ እንምጣ። ባለ ሁለትና ባለ አራት በእውነት እኩል ሚዛን ላይ የተቀመጡበት ቀን ነበረ፤ ጁላይ 22 ቀን 2007። ኢንቴል በጃንዋሪ ያወጣው ኮር 2 ኳድ ኪው 6600 መጀመሪያ 851 ዶላር ነበር። በዚያ ቀን ዋጋው 266 ዶላር ወረደ። በዚያው ቀን ኢ 6850 የተባለ ባለ ሁለት ኮር አዲስ ወጣ፤ እሱም 266 ዶላር። ዋጋው አንድ፣ ኩባንያው አንድ፣ ዘመኑ አንድ። ባለ አራቱ እያንዳንዱ ኮር በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ ባለ ሁለቱ በ3 ጊጋኸርዝ። ማለትም አራት ቀስ የሚሉ ወይስ ሁለት ሩብ ያህል የሚፈጥኑ? ሙቀቱም ይለያያል፤ ባለ ሁለቱ 65 ዋት፣ ባለ አራቱ ደግሞ መጀመሪያ የወጣው 105፣ በኋላ የተሻሻለው 95 ዋት። በዓለም ዙሪያ ሰው የተከራከረው በእነዚህ በሁለቱ ነው፤ ዛሬም እኛ ገበያ የምንሰማው ክርክር የዚያ ልጅ ነው።

ለመፍረድ አንድ ሒሳብ ያስፈልጋል። ሒሳቡን ጂን አምዳል የተባለ የኮምፒውተር መሐንዲስ በ1967 ነው ያስቀመጠው፤ እኔ በሰሊጥ ላድርገው። አንድ የጭነት መኪና ሰሊጥ ጭኖ ለመላክ 60 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ከዚህ ውስጥ 20 ደቂቃው ሚዛንና ወረቀት ነው፤ ሚዛኑ አንድ፣ ጸሐፊው አንድ። 40 ደቂቃው ጭነት ነው፤ ጫኙም አንድ ሰው ነው። ሁለተኛ ጫኝ ብትጨምሩ ጭነቱ 20 ደቂቃ ይሆናል፤ ጠቅላላው 40። አራት ጫኝ ብታደርጉ ጭነቱ 10 ደቂቃ፣ ጠቅላላው 30። ሁለተኛው ጫኝ ብቻውን 20 ደቂቃ አተረፈላችሁ፤ ሦስተኛውና አራተኛው አንድ ላይ ሆነው 10። መቶ ጫኝ ብትቀጥሩም ከ20 ደቂቃ በታች አትወርዱም፤ ሚዛኑ አንድ ነውና።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እውነት ነው፤ ሎሚ ስለሆነ ነው ግን። ሸክሙ አንድ የማይከፈል ድንጋይ ቢሆን ሃምሳው ሰው ቆሞ ያያል። የኮምፒውተር ሥራም እንዲሁ ሎሚም ድንጋይም አለው። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ቤት ሥራው ሎሚ ነው፤ ምስሉ ተከፋፍሎ ለአራቱም ኮር ይታደላል። ደብዳቤ መተየብ፣ በፒችትሪ ሒሳብ መሥራት፣ ፎቶ ኮፒ፣ የዚያን ጊዜው የኢንተርኔት ገጽ፣ እነዚህ በአብዛኛው በአንድ መስመር የሚሄዱ ነበሩ። አራት ኮር ቢኖርም አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይረዳዋል፣ ሁለቱ ደመወዝ ይበላሉ።

ደመወዛቸው ኤሌክትሪክ ነው። በ105 እና በ65 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 40 ዋት ነው። ሁለቱም በሙሉ ኃይል ቢሠሩ፣ በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን፣ ልዩነቱ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። መብራት ባለበት ከተማ ይህ ኢምንት ነው። ነዳጅ በጀሪካን ተገዝቶ በትንሽ ጄኔሬተር በሚሠራበት ሱቅ ግን በየወሩ የሚታይ ወጪ ነው። ማቀዝቀዣ ማራገቢያው የፋውን አቧራ ሲጠጣ ደግሞ ሙቀቱ የበለጠው ቀድሞ ይሞታል።

ስለዚህ በ2007 ለድንበር ነጋዴ፣ በእኔ ፍርድ፣ ባለ ሁለቱ ልክ ነበር። የተረፈው ገንዘብ ካለም ራም መግዛት ይሻል ነበር። ቪዲዮ ቤት ላለው ሰው ብቻ ባለ አራቱ ያዋጣ ነበር።

ታሪክ ግን እዚያ አልቆመም። ባለ አራቱን የገዙ ሰዎች ዓመታት ካለፉ በኋላ ሳቁ። ምክንያቱ ሥራው ራሱ ስለተለወጠ ነው። በጃንዋሪ 2007 ዊንዶውስ ቪስታ ወጣ። ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ቀን ነው፤ ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፊደልና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ መጣ። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝን ወይም ቪዥዋል ግዕዝን የመሰለ ሶፍትዌር ሳይጫን አማርኛ አይጻፍም ነበር፤ ያንን የሌለው ሰው ፋይሉን ሲከፍት ደግሞ የማይነበብ ነገር ያይ ነበር። ነገር ግን ቪስታ ከባድ ነበረ፣ ባለ አንድ ኮሩን ያንቃል። አማርኛ በቀላሉ መጻፍ የፈለገ ሁሉ ወደ ባለ ሁለት መሄድ ግድ ሆነበት። ቀጥሎ በሴፕቴምበር 2008 ጎግል ክሮምን አወጣ። ክሮም የተከፈተውን ገጽ ሁሉ እንደ የራሱ ሥራ ለያይቶ ነው የሚያካሂደው። ድንጋይ የነበረው ኢንተርኔት ቀስ በቀስ ሎሚ ሆነ። በጥሩ ቀዝቃዛ ክፍል የተቀመጠ ኪው 6600 ለብዙ ዓመት አገልግሏል፤ የእሱ እኩያ የሆነው ፈጣን ባለ ሁለት ግን ቀድሞ ደከመ።

እንግዲህ አያችሁ፣ «የቱ ይሻላል» የሚለው መልስ በአምስት ዓመት ውስጥ ተገለበጠ። ዕቃው ሳይለወጥ።

ገበያው ግን ይህን ሁሉ ትቶ ስሙን ያዘ። ኢንቴል ራሱም ረድቶበታል። ፔንቲየም ዲ፣ ኮር ዱዎ፣ ኮር 2 ዱዎ፣ በ2007 ደግሞ ፔንቲየም ዱዋል ኮር የሚባል ርካሽ ዓይነት አወጣ። ሁሉም ባለ ሁለት ናቸው፤ ችሎታቸው ግን ለየቅል ነው። ርካሹ ፔንቲየም ዱዋል ኮር ከጎኑ ያለችው ፈጣን ማስቀመጫው 1 ሜጋባይት ስትሆን ጥሩው ኮር 2 ዱዎ ግን 4 ነበረው። በእኛ ገበያ «ዱዋል ኮር» የሚለው ቃል የደካማ ኮምፒውተር ስም ሆኖ የቀረው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ የሰሊጥ ሰው ብቻ በደንብ ይገባዋል። ኤኤምዲ በማርች 2008 ባለ ሦስት ኮር የሚባል ፕሮሰሰር ሸጠ። ሦስት! ማንም ሦስት ብሎ አልሠራውም፤ ባለ አራት ሆኖ ተሠርቶ አንዱ ኮር የተዘጋበት ነው። ፕሮሰሰር ሲመረት እንደ እርሻ ነው፤ ከአንድ ማሳ የወጣው ሁሉ አንድ ደረጃ አይሆንም። ይበጠራል፣ ይመረመራል፣ ነጩ በላይኛው ዋጋ፣ ቀሪው በታችኛው ይሸጣል። በ2009 በወጣው ተከታዩ ባለ ሦስት ደግሞ አንዳንድ ሰው አራተኛውን ኮር ከፍቶ በደህና ሲሠራበት ተገኘ። ማለትም ፋብሪካው የባለ ሦስት ፈላጊ ሲበዛበት ጤናማውንም ከታችኛው ደረጃ ጋር ቀላቅሎ ሸጦ ነበር። ይህ ገዢውን የጠቀመ ቅልቅል ነው፤ እኛ የምናውቀው ቅልቅል ግን ብዙውን ጊዜ ወዲያ ነው።

የቁጥሩ ጨዋታ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ኤኤምዲ በኦክቶበር 2011 ቡልዶዘር በተባለው አሠራር ባለ ስምንት ኮር ብሎ የሸጠው ፕሮሰሰር፣ ሁለት ሁለት ኮሮቹ አንዳንድ ዕቃ የሚጋሩ ነበሩ። ገዢዎች «ይህ ስምንት አይባልም» ብለው ካሊፎርኒያ ከሰሱ። በ2019 ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን 12.1 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። «ኮር ምንድን ነው?» የሚለው ለፍርድ ቤት ካስቸገረ ገዳሪፍ ሱቅ ውስጥ በሁለት ደቂቃ አይፈታም።

በእኛ ሰፈር ብዙ ገንዘብ የተበላው ግን በላፕቶፕ ነው። ከ2011 ጀምሮ የዴስክቶፕ ኮር አይ 5 ባብዛኛው ባለ አራት ሆነ። ላፕቶፑ ላይ ያለው አይ 5 ግን እስከ 2017 ድረስ ባብዛኛው ባለ ሁለት ነበር። በቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ አይ 7 ራሱ ባለ ሁለት ኮር ነበር፤ ለምሳሌ በ2013 የወጣው አይ 7 4600 ዩ፣ በ2016 የወጣው አይ 7 7500 ዩ። እነዚህ ኮሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ሥራ እያፈራረቁ ስለሚይዙ ዊንዶውሱ ውስጥ «አራት» ተብለው ይታያሉ። ሻጩ ያንን ሥዕል ከፍቶ አራት ሣጥን ያሳያችኋል። አንዲት ዘመዳችን ለልጇ ትምህርት ብላ አይ 7 ኳድ ኮር ነው ተብላ የከፈለችው ዋጋ፣ በዚያ ወቅት ሁለት እውነተኛ ባለ አራት አይ 5 ዴስክቶፕ ይገዛ ነበር። ሻጩ ሲጠየቅ «ይኸው አራት ይላል» ብሎ አሳየ፤ እሷም ዝም አለች። እውነቱ እዚያው ገጽ ላይ ነበር። ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ የሚለውን ስትነኩ፣ ከሥር ሁለት መስመር አለ፤ «ኮርስ» እና «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ»። የሠራተኛው ቁጥር የፊተኛው ነው። የኋለኛው የእጆቹ ቁጥር ነው እንበል።

በስልክ ላይ ይኸው ድራማ በፍጥነት ተደገመ። በ2011 ባለ ሁለት ኮር ስልክ መጣ፣ በ2012 ባለ አራት። ያን ዓመት ኤችቲሲ ዋን ኤክስ የተባለው ስልክ በሁለት መልክ ተሸጠ፤ ለአብዛኛው ዓለም በኔቪዲያ ባለ አራት፣ ለአሜሪካ በክዋልኮም ባለ ሁለት። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 3ም እንዲሁ። ባለ ሁለቱ አዲስ ዘር ስለነበር በብዙ ፈተና ከባለ አራቱ አላነሰም። አፕል በ2013 አይፎን 5 ኤስን በባለ ሁለት ኮር ሲሸጥ፣ ሚዲያቴክ ርካሽ ባለ አራት ኮሮቹን ለማንም አምራች እያቀረበ ነበር፤ የአፍሪካን ገበያ ያጥለቀለቁት ርካሽ ባለ አራት ስልኮች ከዚያ በኋላ መጡ። በ2013 አንድ የክዋልኮም ኃላፊ የሚዲያቴክን ባለ ስምንት ኮር በአደባባይ አጣጣለ፤ ዓመት ሳይሞላ በፌብሩዋሪ 2014 ክዋልኮም ራሱ ባለ ስምንት አስተዋወቀ። ገበያው ቁጥር ከጠየቀ ፋብሪካውም ቁጥር ያመርታል፤ ምን ያድርግ።

ከዚያ ኦክቶበር 2017 መጣ። ይህን ወር አልረሳውም። ኤኤምዲ በማርች 2017 ራይዘንን አውጥቶ በኮር ብዛት ኢንቴልን አስጨንቆት ነበር። ኢንቴል ኦክቶበር 5 ቀን አይ 3 8100ን አወጣ፤ ትንሹና ርካሹ አይ 3፣ እስከዚያ ድረስ ሁሌ ባለ ሁለት የነበረው፣ ባለ አራት ሆነ፤ ዋጋው 117 ዶላር፣ ሙቀቱ 65 ዋት። ማለትም በአሥር ዓመት ውስጥ የኪው 6600 አራት ኮር በኢ 6850 ሙቀት፣ ከግማሽ ባነሰ ዋጋ። ልክ በሳምንቱ፣ ኦክቶበር 12 ቀን፣ አሜሪካ ለሃያ ዓመት በሱዳን ላይ የነበረውን የንግድ ማዕቀብ አነሣች። ሁለቱ ምንም ግንኙነት የላቸውም፤ ለእኛ ግን በአንድ ሳምንት የመጡ ሁለት በሮች ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው በር በግማሽ ነው የተከፈተው። ሱዳን ሽብርተኝነትን ከሚደግፉ አገሮች ዝርዝር የወጣችው ዲሴምበር 2020 ነው፤ እስከዚያ የውጭ ባንኮች ገንዘብ ለማስተላለፍ ይፈሩ ነበር። ዕቃው አሁንም ባብዛኛው በዱባይ ይዞር ነበር።

በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ሲነሣ የካርቱም ገበያ አለቀ። በዲሴምበር 2023 ዋድ መደኒ ስትያዝ ፋው የግንባር ጫፍ ሆነች። ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ ሰው የኖረው በስልኩ ባንከክ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሶላር። ብዙ ሰው ስለ ፕሮሰሰር ለማሰብ ጊዜ የለውም፤ ነገር ግን ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነው ቤት ሲቀመጡ፣ ወረቀት የሚሞላለት ሰው ሲበዛ፣ አንድ ደህና ኮምፒውተር ያለው ቤተሰብ እንጀራ አለው። አሁን የምንገዛው ባብዛኛው ያገለገለ ነው። ያገለገለ ዕቃ ላይ ነው የድሮው ጥያቄ የሚጎዳን።

ማይክሮሶፍት በኦክቶበር 2021 ዊንዶውስ 11ን ሲያወጣ የሚቀበለውን ፕሮሰሰር በዘመን ለየ። ከኢንቴል ባብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ብቻ። ስለዚህ ይህን አስተውሉ፤ በ2017 መጀመሪያ የወጣው አይ 7 7700 ባለ አራት ኮር፣ በጊዜው የዴስክቶፕ ኩራት የነበረው፣ ከዝርዝሩ ወጣ። በ2018 የወጣው አይ 3 8130 ዩ፣ ባለ ሁለት ኮር የላፕቶፕ ትንሽ ዕቃ፣ ገባ። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አበቃ። የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ከዝርዝሩ የወጡትን ባለ አራቶች አውጥተው እየሸጡ ነው፤ ከእነዚህም ብዙው «ኳድ ኮር፣ አይ 7» ተብሎ ወደ እኛ ይመጣል። ዴስክቶፑ አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ ይሠራል፤ በፍጥነት ያንን ትንሽ ላፕቶፕ ሊያስንቀውም ይችላል። ነገር ግን በባንክና በሰው ወረቀት የምትሠሩ ከሆነ የደኅንነት ማሻሻያ የሌለው ኮምፒውተር ያልተቆለፈ ሱቅ ነው። ሊኑክስ መጫን ለሚችል ልጅ ላለው ቤት ግን ያ አይ 7 ርካሽ ሀብት ነው።

በስም አይ 3፣ አይ 5፣ አይ 7 ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። አራት አሃዝ ሆኖ በ1 የማይጀምር ከሆነ የመጀመሪያዋ አሃዝ ትውልዱ ናት፤ 7500 ሰባተኛ፣ 8130 ስምንተኛ። በ10 ወይም በ11 የሚጀምር ቁጥር ከሆነ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ነው። ትውልዱን ካያችሁ በኋላ ኮሩን ጠይቁ፣ ከኮሩ በፊት ግን ኤስኤስዲ መሆኑን ጠይቁ። በአሮጌ ሀርድ ዲስክ ላይ ያለ ባለ አራት ኮር በኤስኤስዲ ላይ ካለ ባለ ሁለት ኮር ቀርፋፋ ሆኖ ይሰማችኋል፤ ሚዛኑ አንድ የሆነበት መኪና ማለት እሱ ነው።

አዲስ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ጥያቄው እየሞተ ነው። ኢንቴል በጃንዋሪ 2023 ያወጣው ኤን 100 የተባለው ርካሽ ፕሮሰሰር ባለ አራት ኮር ሆኖ በ6 ዋት የተሰላ ነው። በ2007 ያው አራት ኮር 105 ዋት ነበር። ለአንድ መለስተኛ የሶላር ሰሌዳና ባትሪ ይህ ልዩነት ማታ መሥራትና አለመሥራት ነው። እነዚህ በትንንሽ ላፕቶፕና በእጅ መዳፍ በሚያህሉ ሣጥኖች ተሠርተው ይሸጣሉ። ስትገዙ ራሙን እዩ፤ በብዙዎቹ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም። 4 ጊጋ ያለውን ተዉት፣ 8 ያለውን ፈልጉ።